ደወል የሌለው ክፍል

ልጄ፣ እንደምን ከርመሻል? እኛ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነን። እናትሽን ጉልበቷን ትንሽ ተሽሏታል። ውኃው ግን ያው ነው፤ ቱሉ ዲምቱ መኖር ማለት ጀሪካን መቁጠር ነው።

ባለፈው ስትደውይ «አባዬ፣ ሥራዬን ሳልለቅ ዲግሪውን በኦንላይን ብማረው ምን ትለኛለህ?» አልሽኝ። ሳልመልስልሽ መስመሩ ተቋረጠ። ባይቋረጥም የምልሽ አልነበረኝም። ያልቀመስኩትን ነገር ምን ብዬ ልምከርሽ? ስለዚህ ለማንም ሳልናገር ከአንድ ዩኒቨርሲቲ አንድ ኮርስ ተመዘገብኩ። ስታትስቲክስ። በዚህ ዕድሜዬ! አትሳቂ።

ከስክሪን ጋር የቆየ ቂም እንዳለኝ ታውቂያለሽ። በ1997 ዓ.ም. ፕላዝማ ክፍላችን ሲገባ አንቺ ሕፃን ነበርሽ። እኛ መምህራን ከቴሌቪዥኑ ጎን እንደ ዘበኛ ቆመን ቀረን። ሰውዬው በእንግሊዝኛ ይንበለበላል። ጥያቄ ይጠይቃል፤ ልጆቹ ጥያቄውን ገልብጠው ሳይጨርሱ መልሱን ተናግሮ ያልፋል። መብራት ከጠፋ ደግሞ የዚያን ቀን ትምህርት አለቀ፤ ተመልሶ አይመጣም። ይሄኛውም እንደዚያው መስሎኝ ነበር። ግን ያልገባኝን ቦታ አቆምኩት፣ መለስኩት፣ አራት ጊዜ ሰማሁት። ማንም አልተቆጣኝም። ለዚህ ለዚህስ ይባረክ።

የመጀመሪያውን አሳይመንት ግን ዜሮ አገኘሁ። አዎ፣ አባትሽ። ማስረከቢያው «11:59 ኤ.ኤም.» ይላል። እኔ በሐበሻ ሰዓት አነበብኩት። ለማታ 12 ሰዓት አንድ ደቂቃ ሲቀረው መስሎኝ ተረጋግቼ ምሳዬን በላሁ፣ ቡናዬን ጠጣሁ። 10 ሰዓት ላይ ፋይሉን ልልክ ብል መላኪያው የለም። ለካ በፈረንጅ ሰዓት ኖሯል፤ ረፋድ ላይ፣ ለ6 ሰዓት አንድ ደቂቃ ሲቀረው ተዘግቷል። ለመምህሩ ጻፍኩለት። «ይቅርታ አባቴ፣ ሲስተሙ ነው» አለኝ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ የቤት ሥራ አዘግይተው ሲያመጡ የመለስኳቸው ልጆች አንድ በአንድ ትዝ አሉኝ። አንቺ ቀኑንም አስተውዪ፤ «መስከረም 15» ሲሉ የማን መስከረም እንደሆነ ጠይቂ። የውጭ ዩኒቨርሲቲ ከሆነ ደግሞ ዩቲሲ የሚሉት ሰዓት አለ፤ እኛ በ3 ሰዓት እንቀድመዋለን።

ዋናው ችግር ግን ይሄ አይደለም። ደወል የለም። ስም ጠሪ የለም። ብትቀሪ የሚያይሽ የለም። «ማታ አየዋለሁ» እላለሁ፤ ማታ ዜና አለ። «ነገ» እላለሁ፤ ነገ ውኃ ይመጣል። በሦስተኛው ሳምንት ስድስት ቪዲዮ ተከምሮ ጠበቀኝ። ልተወው ነበር፤ ለእናትሽም እንኳ ስላልነገርኳት ማንም አያውቅም ነበር። ያዳነኝ ከላይኛው ፎቅ ያለው ልጅ ነው። እሱም አካውንቲንግ በኦንላይን ይማራል። አንድ ቀን ደረጃ ላይ ላፕቶፑን ታቅፎ ሲያዛጋ አገኘሁትና ተስማማን። ማክሰኞና ሐሙስ፣ ንጋት 12 ሰዓት። ቤት ውስጥ ኔትወርኩ ይንቀራፈፋል፤ ደረጃው መታጠፊያ ላይ ካለው መስኮት ጋ ግን ጥርት ይላል። ዱካዬን ይዤ እወጣለሁ። ከማዶ የአዳማ ፈጣን መንገድ መግቢያ መብራት ይታየናል። እሱ የራሱን፣ እኔ የራሴን። ብዙም አንነጋገርም። ግን እሱ እየጠበቀኝ እንዴት እተኛለሁ?

አጎትሽ «የኦንላይን ዲግሪ ደግሞ ዲግሪ ነው?» እያለ ሲያፌዝ ሰምቻለሁ። በ1954 ዓ.ም. ኮልፌ መጥቶ ወታደራዊ ሥልጠና የወሰደው ኔልሰን ማንዴላ የሕግ ዲግሪውን ያገኘው እስር ቤት ሆኖ፣ በርቀት ተምሮ ነው። በ1989 እ.ኤ.አ.፣ ከደቡብ አፍሪካው ዩኒሳ። ይህን ስነግረው ዝም አለ። (ዝም ያለው አምኖ ይሁን ሰልችቶት እንጃ።)

ቢሆንም ጥርጣሬው ሙሉ በሙሉ ከንቱ አይደለም። ብር ከመክፈልሽ በፊት ትምህርት ክፍሉ ከትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ዕውቅና እንዳለው አጣሪ። የተቋሙ ስም ብቻ አይበቃሽም፤ አንቺ የምትማሪው ፕሮግራም፣ በኦንላይን ለመስጠት ተፈቅዶለታል ወይ ብለሽ ጠይቂ። የመውጫ ፈተናውንም አትርሺ። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ ያለ እሱ መመረቅ የለም፤ 50 ከመቶ ማምጣት ግድ ነው። በስልክ ነው የተማርኩት ብትዪ አይምርሽም።

እንግዲህ ምክሬ፣ ተማሪ። ግን በመጀመሪያው ሴሚስተር ከሁለት ኮርስ አትለፊ። ፈረቃሽን እያወቅሽ አምስት ብትጭኚ አንዱንም አትጨርሺውም። ቪዲዮውን ጥራቱን 360 ላይ አድርጊው፤ ሰሌዳው እስከተነበበልሽ የመምህሩ ፊት ቢደበዝዝ ምን ቸገረሽ፣ ዳታ ይቆጥብልሻል። ጽሑፉን ደግሞ መብራት ሳይሄድ አውርደሽ አስቀምጪ።

ከሚመጣው ሳምንት ጀምሮ ማክሰኞና ሐሙስ ንጋት 12 ሰዓት ላይ ሚስኮል አደርግልሻለሁ። አታንሺው። መልሰሽ ሚስኮል ካደረግሽልኝ መቀመጥሽን አውቃለሁ።

የድሮ የጥናት ጠረጴዛሽን እሑድ ወደ ሐዋሳ በሚወርደው የጎረቤታችን አይሱዙ እልክልሻለሁ። አንዱ እግሯ ያነክሳል፤ ካርቶን አጥፈሽ ከሥር አድርጊላት። መሳቢያዋን ስትከፍቺ ቀስ በዪ፣ እናትሽ በሶ ጨምራበታለች።

አባትሽ