የፋይበርግላስ ቁስ እንደ ፕላስቲክ አይቀልጥም

ለተከበሩ የጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፤

የምህንድስና ተማሪዎች ያረጀ ፋይበርግላስን (በሙጫ የተያያዘ የመስታወት ክርን) መልሶ ለመጠቀም ስለሠሩት ፕሮጀክት ያወጣችሁትን ዘገባ በጥሞና አንብቤዋለሁ። ሥራው የሚያስመሰግን ቢሆንም፣ ቁሱ እንደ ተራ ፕላስቲክ ቀልጦ እንደገና የሚቀረጽ ተደርጎ መቅረቡ አንባቢን ያሳስታል። በጀልባዎችና በነፋስ ተርባይን ክንፎች ውስጥ የመስታወቱን ክሮች አስተሳስሮ የያዘው ሙጫ አብዛኛውን ጊዜ ፖሊስተር ወይም ኢፖክሲ ሲሆን፣ አንዴ ከጠነከረ በኋላ ሞለኪውሎቹ እርስ በርስ ስለሚቆላለፉ በሙቀት ይፈራርሳል እንጂ አይቀልጥም።

ተማሪዎቹ የመረጡት ዘዴ፣ ማለትም ኦክስጅን በሌለበት ምድጃ ሙጫውን በሙቀት ማፈራረስ፣ ክሮቹን ነጻ ያወጣል፤ ችግሩ ግን ከ450 እስከ 600 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሚደርስ ሙቀት ውስጥ ያለፈ የመስታወት ክር ከጥንካሬው ግማሽ ያህሉን፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ፣ ማጣቱ ነው። ከምድጃው ጥላሸት ለብሶ የሚወጣው ክር ትንሽ ሲታጠፍ ይሰበራል። አዲሱ ክር ርካሽ ሆኖ ሳለ ይህን ማን ይገዛዋል?

በእኔ እምነት ያረጀውን ፋይበርግላስ በሲሚንቶ ፋብሪካ ምድጃ ውስጥ የመጠቀምን አማራጭ ቢመረምሩ ይበጃል፤ በዚያ ሙጫው እንደ ነዳጅ ሲነድ፣ በመስታወቱ ውስጥ ያሉት ሲሊካ፣ ካልሲየምና አልሙኒየም የሲሚንቶው ጥሬ ዕቃ አካል ይሆናሉ። እርግጥ ነው፣ ክሩ ክርነቱን ያጣል።

በመጨረሻም፣ ቁሱ ሲቆረጥ የሚነሳው ብናኝ ቆዳንና የመተንፈሻ አካላትን ስለሚያስቆጣ፣ በፎቶግራፉ ላይ መጋዝ ይዞ የሚታየው ተማሪ ጭምብል አለማድረጉን አስተባባሪዎቹ ሳይውሉ ሳያድሩ ሊያርሙት ይገባል።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የቁሳቁስ መሐንዲስ