ስለ ሄኖክ፣ ስለ ኩፋሌና ስለ ዐሥሩ ነገድ፦ ከጅማ የተላከ ደብዳቤ

ለተከበረው የጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

«ከመጽሐፍ ቅዱስ የተወገዱ መጻሕፍት» በሚል ርእስ ያወጣችሁትን ጽሑፍ እዚህ ጅማ ብዙ ሰው ተቀባብሎ አንብቦታል። ጉዳዩን ማንሣታችሁ መልካም ነው። በጽሑፉ ውስጥ ያለውን ስሕተት ግን መርካቶና ፈረንጅ አራዳ በየፎቶ ኮፒ ቤቱ የሚሸጡት ጥራዞችም ስለሚደግሙት፣ በዝምታ ማለፍ አልሆነልንም።

«የኒቅያ ጉባኤ መጽሐፈ ሄኖክን አስወጣ» ተብሏል። በ325 እ.ኤ.አ. የተሰበሰቡት ሠለስቱ ምዕት (የጉባኤው አባቶች) የመከሩት በዋናነት በአርዮስ ክሕደትና በፋሲካ ቀን ላይ ነው። በግሪክ ተጠብቀው በቆዩት 20 ቀኖናዎች ውስጥ የመጻሕፍት ዝርዝር የለም። ዝርዝሩ የተለያየው በየአገሩና በየዘመኑ ነው። ቅዱስ አትናቴዎስ በ367 እ.ኤ.አ. በጻፈው 39ኛ የትንሣኤ መልእክቱ የሐዲስ ኪዳንን 27 መጻሕፍት ቆጥሮ፣ በሄኖክ ስም የሚነበቡትን ነቅፏል። አባ ሰላማን ጳጳስ አድርጎ የላከልን ይኸው አትናቴዎስ ነው፤ መጽሐፉ ግን በግእዝ ተተርጉሞ በአገራችን ጸና። ይህ ከማንኛውም «የምስጢር ጉባኤ» ወሬ ይልቅ ሊጠናና ሊደነቅ የሚገባው ነገር ነው። የሮም ቤተ ክርስቲያን በ1546 እ.ኤ.አ. በትሬንት ጉባኤ 73 መጻሕፍት ብላ ወሰነች። የብሪታንያ መጽሐፍ ቅዱስ ማኅበር ደግሞ በ1826 እ.ኤ.አ. ከ66ቱ ውጭ ያሉትን ላለማሳተም ቆረጠ። የአቡ ሩሚን የአማርኛ ትርጉም በ1840 እ.ኤ.አ. አሟልቶ ያተመው ይኸው ማኅበር ስለሆነ፣ በአማርኛ አንባቢ እጅ የገባው ኅትመት ለረጅም ጊዜ ባለ 66 የሆነበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ቁጥሩ 81 ነው፤ ብሉይ 46፣ ሐዲስ 35። ሐዲሱ 35 የሚሆነው በ27ቱ ላይ የቤተ ክርስቲያን ሥርዓት መጻሕፍት የሆኑት ሲኖዶስ 4፣ መጽሐፈ ኪዳን 2፣ ቀሌምንጦስና ዲድስቅልያ አንዳንድ ሆነው ሲጨመሩ ነው። አንዱ ዝርዝር ሁለት መጻሕፍትን አጣምሮ እንደ አንድ ይቆጥራል፣ ሌላው ይለያቸዋል። ስለዚህ ሁለት ዝርዝር ባይገጥም መጽሐፍ ጠፋ ማለት አይደለም።

አሁን ወደ ጥራዞቹ እንምጣ፤ አንባቢ ገንዘቡን የሚያጣው እዚህ ላይ ነውና። አብዛኞቹ ከእንግሊዝኛ የተመለሱ ናቸው። ስሞቹን ማየት ይበቃል፦ መልአኩ ዑራኤል «ዩሪኤል» ተብሎ ከተጻፈ ተርጓሚው ግእዙን አላየውም። «የጁቢሊ መጽሐፍ» ወይም «የኢዮቤልዩ መጽሐፍ» ተብሎ እንደ አዲስ ግኝት የሚሸጠው ኩፋሌ ነው፤ ከፍጥረት እስከ ከነዓን መግቢያ ያለውን 2,450 ዓመት በ49 በ49 ዓመት ከፍሎ 50 ኢዮቤልዩ ስለሚያደርገው ነው። ቤቱ ኩፋሌ ያለው ሰው ሁለተኛ መግዛት አያስፈልገውም። ሄኖክ ከሆነ ምዕራፉን ቁጠሩ፤ የእኛው 108 ምዕራፍ አለው። በስላቮንና በዕብራይስጥ የተገኙት «ሁለተኛ» እና «ሦስተኛ» ሄኖክ የሚባሉት ሌሎች ድርሰቶች ናቸው፣ በአንድ ጥራዝ ሲቀላቀሉ ግን የቱ የማን እንደሆነ አይለይም። በመቃብያንም ላይ እንዲሁ ነው። በግሪኩ መቃብያን ያሉት ማታትያስና ልጁ ይሁዳ ናቸው፤ የእኛው ሦስቱ መቃብያን የንጉሥ ጺሩጻይዳን ታሪክ የሚገኝባቸው ሌላ መጻሕፍት ናቸው። የአንዱን ምዕራፍ ለሌላው ጠቅሶ መከራከር ሁለቱንም ወገን ያደክማል።

ሄኖክ ሙሉ ሆኖ የተገኘው በግእዝ ብቻ ነው። ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ በ1773 እ.ኤ.አ. ቅጂዎቹን ወደ አውሮፓ ወሰደ፤ እንግሊዛዊው ሊቅ ሎሬንስ በ1821 እ.ኤ.አ. ወደ እንግሊዝኛ መለሰው። በሙት ባሕር አጠገብ ባለው በቁምራን 4ኛ ዋሻ ከተገኘው ብራና ውስጥ የ11 የአራማይክ ቅጂዎች ቁርጥራጭ ታውቋል። ከምዕራፍ 37 እስከ 71 ያለው የምሳሌው ክፍል ግን እዚያ አልተገኘም። ይህን የምንጠቅሰው «ቁምራን ሁሉንም አረጋገጠ» የሚለውም አባባል ልክ ስላልሆነ ነው። በሌላ በኩል የይሁዳ መልእክት ቁጥር 14 እና 15 የሚጠቅሰው ሄኖክ 1፥9ን መሆኑ ለማንም ግልጽ ነው። በጅማ ከሙስሊም ጎረቤቶቻችን ጋር ስለዚህ ስንጨዋወት የነቢዩ ኢድሪስ ስም መነሣቱ አይቀርም፤ ብዙ የቁርኣን ተርጓሚዎች ኢድሪስን ሄኖክ ነው ይላሉና።

ስለ ነገዶቹ ጽሑፋችሁ «ዐሥሩ ነገድ በ722 ተማርከው ጠፉ» (ከክርስቶስ ልደት በፊት ማለቱ ነው) ብሎ አልፏል። አቆጣጠሩ እንዲህ ቀላል አይደለም። የያዕቆብ ልጆች 12 ናቸው፤ ርስት ሲከፈል ሌዊ ወጥቶ ዮሴፍ በኤፍሬምና በምናሴ እጥፍ ስለሆነ እንደገና 12 ይሆናሉ። የዲቦራ መዝሙር (መሳፍንት 5) ይሁዳን፣ ስምዖንንና ሌዊን አይጠራም፣ በምናሴ ፈንታ ማኪርን ይጠራል። ዘዳግም 33 ስምዖንን፣ ራእይ 7 ዳንን ይተዋሉ። የስምዖን ርስት በይሁዳ ርስት መካከል ነበር (ኢያሱ 19፥1)፤ ታዲያ ከሰሜኖቹ ዐሥር ጋር የሚቆጠረው እንዴት ነው? ስለ ተማረኩት ነገዶች የዕዝራ ሱቱኤል (በእንግሊዝኛ «2 Esdras») የላቲን ትርጉም ዐሥር ነገድ ሲል የሱርስቱ (የሶርያ ቋንቋው) ዘጠኝ ተኩል ይላል።

ምርኮውም በአንድ ቀን አልሆነም። የአሦር ንጉሥ ቴልጌልቴልፌልሶር ገሊላንና ገለዓድን ከ10 ዓመት ገደማ ቀድሞ ማርኳል (2ኛ ነገሥት 15፥29፤ በቀድሞው አቆጣጠር 4ኛ ነገሥት ነውና እዚህም ላይ አንባቢ ይሳሳታል)። የሰሜኑ መንግሥት ከተማ ሰማርያ ከወደቀች በኋላ ሌላው የአሦር ንጉሥ ሳርጎን በጽሕፈቱ ማረክሁ የሚለው 27,290 ሰው ነው፤ ይህ ቁጥር የአንድ መንግሥት ሕዝብ በሙሉ ሊሆን አይችልም። ሕዝቅያስ ከዚያ በኋላ ለኤፍሬምና ለምናሴ የፋሲካ ጥሪ ልኳል (2ኛ ዜና 30)። በሉቃስ 2፥36 ያለችው ሐና ከአሴር ነገድ ናት። ጦቢት ከንፍታሌም ነው። እነዚህ «ጠፉ» ከተባሉት መካከል ናቸው።

የተማረኩት ተሻግረው ሄዱበት የሚባለውን የአርዛሬትን ስም በካርታ የሚፈልጉ አሉ። ብዙ ሊቃውንት እንደሚያስረዱት ቃሉ በዕብራይስጥ «ሌላ ምድር» ማለት ነው፣ ዘዳግም 29፥28 ላይም አለ። አርዛሬት የተጠቀሰበትን ክፍል በዕዝራ ሱቱኤል ስትፈልጉት የእንግሊዝኛውን ምዕራፍ 13 አትከተሉ። ላቲኑ መጀመሪያና መጨረሻው ላይ ሁለት ሁለት ተጨማሪ ምዕራፍ ስላለው ቁጥሩ ከግእዙ ጋር አይገጥምም። ቤተ እስራኤልን ከዳን ነገድ ጋር የሚያያይዘው አነጋገርም የራሱ ታሪክ አለው፤ የእስራኤል ዋና ራቢ የነበሩት ዖቫድያ ዮሴፍ በ1973 እ.ኤ.አ. ቤተ እስራኤል ከዳን ነገድ የመጡ አይሁድ ናቸው ብለው የፈረዱት ከእሳቸው በፊት በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የነበሩ ሊቅ በሰጡት ብያኔ ተደግፈው ነው። ቤተ እስራኤል ራሳቸው ኦሪትን በግእዝ ሲያነቡ፣ ኩፋሌንም አክብረው ሲይዙ የኖሩ ናቸው።

ስለዚህ ወደፊት በዚህ ጉዳይ ስትጽፉ የመጽሐፉን ስም በግእዝ ስሙ፣ ምዕራፍና ቁጥሩን ከየትኛው ኅትመት እንደሆነ፣ ዓመተ ምሕረቱንም በየትኛው አቆጣጠር እንደሆነ አብራችሁ እንድታወጡልን እንጠይቃለን። የኒቅያውን ዐረፍተ ነገር ደግሞ በሚቀጥለው ዕትም አርሙልን።

ከአክብሮት ጋር፤
የብሉይ ኪዳን አንባቢዎች፣ ጅማ