አይረኑን ከቡናው አርቂው

እህት ዓለም፣ እንደምን ከርመሻል? ልጆቹስ? ሁለት ዓመት ሙሉ ድምፄን አጥፍቼ አሁን በደብዳቤ ብቅ ማለቴ እንደሚያናድድሽ አውቃለሁ፤ ወቀሳውን ስንገናኝ እቀበላለሁ። ኢስታንቡል ሄደሽ የጨጓራ ባይፓስ (ጨጓራን አሳንሶ ምግብን በአቋራጭ ወደ አንጀት የሚያወርደውን የክብደት መቀነሻ ቀዶ ጥገና) ተሠርተሽ መመለስሽን የነገሩኝ እናትሽ ናቸው። እንኳን በሰላም መለሰሽ። «አምሮባታል፤ ግን ያንን ቫይታሚን ስትረሳው ነው የምትውለው» አሉኝ። የምጽፍልሽ ስለዚያ «ግን» ነው።

መርሳትሽ አይገርምም። ክኒን የሚያስታውሰው ሕመም ነው፤ አንቺ ደግሞ ደህና ነሽ። ጉበት የቫይታሚን ቢ12 ክምችቱ ለዓመታት ስለሚበቃ መዋጥ ያቆመ ሰው ዛሬ ምንም አይሰማውም። እግሩ መደንዘዝ ሲጀምር ግን ነርቩ ተጎድቷል፣ ጉዳቱም ሁሉ ላይመለስ ይችላል። ምግብሽ አሁን ትንሽ ከረጢት ሆኖ ከቀረው ጨጓራሽ ተነሥቶ አይረንና ካልሲየም በብዛት የሚመጠጡበትን የመጀመሪያውን የአንጀት ክፍል ዘሎ ነው የሚወርደው። ስለዚህ «እኔ ጎመንና እንቁላል በደንብ እበላለሁ» ማለት አያዋጣም። ክኒኑ የዕድሜ ልክ ነው።

መጠኑን ልንገርሽ። ባይፓስ ለተሠራችና የወር አበባ ለምታይ ሴት በቀን አይረን ከ45 እስከ 60 ሚሊግራም፣ ካልሲየም ከ1200 እስከ 1500 ሚሊግራም፣ ቢ12 ከ350 እስከ 1000 ማይክሮግራም፣ ቫይታሚን ዲ3 3000 ዩኒት፣ ታያሚን (ቢ1) ቢያንስ 12 ሚሊግራም፣ ኮፐር 2 ሚሊግራም ያስፈልጋታል። የደም ምርመራሽ ከዚህ ከፍ ወይም ዝቅ ሊያደርገው ይችላል። ካርቶኑ ላይ «ፌረስ ሰልፌት 325» ካለ ውስጡ ያለው አይረን 65 ገደማ ብቻ ነው፤ ትልቁን ቁጥር አይተሽ አትደንግጪ። እንደ ከረሜላ የሚታኘኩትን ባለ ጣዕም ቫይታሚኖች ግን ለልጆቹ ተዪላቸው፤ አብዛኞቹ አይረን የላቸውም።

ሰው የሚያበላሸው አወሳሰዱን ነው። ሁሉንም በአንድ ጉርሻ ጠዋት ውጦ መገላገል ይፈልጋል። አይረንና ካልሲየም አንድ ላይ ከገቡ ካልሲየሙ አይረኑን ያግደዋል፤ ቢያንስ ሁለት ሰዓት ይራራቁ። ካልሲየምም በአንዴ ከ500 እስከ 600 ሚሊግራም በላይ ከዋጥሽ ትርፉ ይባክናል። ቡናና ሻይ ደግሞ አይረኑን አስረው ያስቀሩታል። ቡና የማይፈላበት ቀን ስለሌለሽ ቡናውን የካልሲየም ደወል አድርጊው፤ አይረኑን ግን አርቂው።

እንዲህ አድርጊ። ጠዋት 1 ሰዓት ከቁርስና ከቡናው ጋር 500 ካልሲየም። 6 ሰዓት ተኩል ከምሳ ጋር መልቲቫይታሚኑና አይረኑ፣ ሎሚ ጨምቀሽበት በውሃ። የምሳውን ቡና ቢያንስ አንድ ሰዓት አቆዪው። 10 ሰዓት ሁለተኛው ካልሲየም፣ ማታ 2 ሰዓት ሦስተኛው። ቢ12 ምላስ ሥር የሚሟሟ ከሆነ ከየትኛውም ጋር ይሄዳል። የእንቅርት ክኒን የምትወስጂ ከሆነ ከካልሲየምም ከአይረንም አራት ሰዓት ይራቅ። ካልሲየሙ ሲትሬት የሚባለው ዓይነት ቢሆን ይሻላል፤ ካርቦኔት የሚባለው አሲድ ይፈልጋል፣ ያንቺ ከረጢት ደግሞ አሲዱ ትንሽ ነው። ከካርቦኔት ሌላ ካጣሽ ከምግብ ጋር ብቻ ዋጪው።

ለማስታወስ በየቀኑ አራት ክፍል ያለው የሳምንት የክኒን ሳጥን ግዢና እሑድ ሙዪው። ባዶ ክፍል አይዋሽም፤ «ዛሬ ዋጥኩ ወይስ ትናንት ነበር?» የሚለው ክርክር እዚያው ያልቃል። ስልክሽ ላይ ያለውን የምሳ ደወል «አይረን፣ ቡና የለም» ብለሽ ሰይሚውና ክኒኑን ሳትውጪ አታጥፊው። የሁለት ቀን ክኒን ቦርሳሽ ውስጥ ይኑር፤ ሠርግና ለቅሶ ነው ሰውን የሚያስረሳው። አዲስ ጠርሙስ ስትከፍቺ ቀኑን በፕላስተር ላይ ጽፈሽ ለጥፊበት። የ30 ቀን ጠርሙስ በ45ኛው ቀን ካላለቀ እየረሳሽ ነው ማለት ነው። የረሳሽውን በዚያው ቀን ስታስታውሺ ዋጪው፤ ለነገ አቆይተሽ ድርብ አትዋጪ። ድርብ አይረን ትርፉ ማቅለሽለሽና ድርቀት ነው።

ጾም ሲመጣ ሰዓቱ ይጠባል። መጀመሪያ ሐኪምሽንና የንስሐ አባትሽን አማክሪ። ከፈቀዱልሽ 9 ሰዓት ከምግቡ ጋር አይረንና መልቲቫይታሚን፣ ካልሲየሙን ደግሞ 11 ሰዓት ተኩል፣ 2 ሰዓትና ከመኝታ በፊት። ሽሮና ምስር ውስጥ ቢ12 የለም፤ በዐቢይ ጾም 55 ቀን ያለ ክኒን መቆየት አይሆንም።

አሁን ከሁሉ የማስበልጠውን ልንገርሽ። ታያሚን የሰውነት ክምችቱ ለሁለት ወይም ለሦስት ሳምንት ብቻ ነው። ደጋግሞ ካስታወከሽ ክኒኑም አብሮ ይወጣል። ዓይንሽ አንዱን ሁለት ካየ፣ እርምጃሽ ከተንገዳገደ፣ ሐሳብሽ ከተምታታ ለነገ ሳትዪ ሐኪም ቤት ሂጂ። አገራችን ደግሞ ደክሞት የመጣ ሰው ቶሎ የሚሰቀልለት ጉሉኮስ ነው። ሰውነት ስኳሩን ለማቃጠል ያለችውን ጥቂት ታያሚን ይጨርስና አንጎል ይጎዳል። ስለዚህ «የጨጓራ ባይፓስ ተሠርቻለሁ፣ እያስታወከኝ ነው፣ ከጉሉኮሱ በፊት ታያሚን በመርፌ» በይ። ይህንኑ በወረቀት ጽፈሽ ከመታወቂያሽ ጋር ያዢው፤ ለባለቤትሽም አስጠኚው።

ምርመራው በ3፣ በ6 እና በ12 ወር፣ ከዚያ በየዓመቱ ነው። ሄሞግሎቢን ብቻ አይተው እንዳይሸኙሽ። አዲስ አበባ ከፍታዋ ሄሞግሎቢንን ከፍ ስለሚያደርገው የአይረን እጥረቱ ሊሸሸግ ይችላል፤ የአይረን ክምችትን የሚያሳየውን የፌሪቲን ምርመራ ጠይቂ። ካልሲየምም እንዲሁ ነው፤ ደም ሲያጥረው ከአጥንት እየተበደረ ቁጥሩን «ኖርማል» ያስመስለዋል። ብድሩን የሚያጋልጡት ፓራታይሮይድ ሆርሞንና ቫይታሚን ዲ ናቸው። ጸጉርሽ ረገፈ ብለሽ ባዮቲን በብዛት ጀምረሽ ከሆነ ደግሞ ከምርመራው ጥቂት ቀን በፊት አቁሚው፤ የእንቅርትን ውጤት ያዛባል።

ያሉሽን ጠርሙሶች ሁሉ ጀርባቸውን ፎቶ አንሥተሽ ላኪልኝ፤ የትኛው እንደሚቀር፣ የትኛው እንደሚጎድል ለይቼ እጽፍልሻለሁ። እናትሽን ጉልበት ሳሚልኝ።

የማይረሳሽ ወንድምሽ