«ከአገልግሎት ውጪ» ለማን?

ለአዘጋጁ፣

ስለ ጥንታዊ የድንጋይ ድልድዮች ያወጣችሁትን ጽሑፍ አነበብኩት። ጢስ ዓባይ ላይ ስላለው ድልድይ የጻፋችሁት ደስ ይላል። በሱስንዮስ ትእዛዝ በ1626 እ.ኤ.አ. መሠራቱን፣ የኖራው ድንጋይ አላታ ወንዝ አጠገብ መገኘቱን፣ ከሕንድ የመጣውን ባለሙያ ሳይቀር አስታውሳችኋል። እኛ ጋ ስትደርሱ ግን ቀለም አለቀባችሁ መሰለኝ። አንድ ፎቶ፣ ከሥሩ አንዲት መስመር፦ «ደሴ አቅራቢያ የሚገኝ፣ ከአገልግሎት ውጪ የሆነ የጣሊያን ድልድይ»።

«ደሴ አቅራቢያ» የሚለውን ልለፈው። ከደሴ ሐረጎን ተጠማዝዞ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ቁልቁል የሚወርድ ሰው ኮምቦልቻ የሚባል ከተማ ያገኛል። «የጣሊያን» የሚለውንም ልለፈው። ከ1928 እስከ 1933 ጣሊያን አዘዘ፤ ድንጋዩን የተሸከመው ግን የአያቴ ጫንቃ ነው። ልለፈው ብዬ አላለፍኩትም፣ ይቅርታ።

ያናደደኝ «ከአገልግሎት ውጪ» ነው። መኪና አያልፍበትም፣ እውነት ነው፤ አዲሱ መንገድ በሌላ በኩል ነው የሚሄደው። ፎቶ አንሺያችሁ በገበያ ቀን ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ መሃሉ ላይ ቢቆም ኖሮ፣ ሽንኩርት የጫኑት አህዮች ገፍትረው ከነካሜራው ወንዝ ይከቱት ነበር። አምና ሐምሌ ወንዙ ሞልቶ ሲያገሳ፣ የእናቴን አስከሬን በቃሬዛ ያሻገርነው በዚሁ «አገልግሎት በማይሰጥ» ድልድይ ነው።

ቅስት አህያና ሰው አይከብደውም። ድንጋዮቹ እርስ በርስ ተጫጭነው ነው የቆሙት። የሚጎዳው እግሩን የሚቦረቡር ጎርፍና በመጋጠሚያው የሚገባ ሥር ነው። በአንዱ ጎን በድንጋዮቹ መሃል የበቀለች ሾላ አለች። ልጅ ሳለሁ በሁለት ጣት የምትነቀል ነበረች፤ ዛሬ ክንዴን ታክላለች። አጠገቧ ኖራው ረግፎ እጅ የሚያስገባ ቀዳዳ ተከፍቷል።

ይህንኑ ይዤ አንድ ቢሮ ሦስት ጊዜ ተመላልሻለሁ። መልሱ አንድ ነው፦ «መዝገብ ላይ ከአገልግሎት ውጪ ነው። በጀት አይያዝለትም።» በአራተኛው ደግሞ ጋዜጣችሁን ያሳዩኛል።

ስለዚህ እርማት አውጡልኝ። «ከአገልግሎት ውጪ» የምትለዋን ብቻ ሰርዙ። «ደሴ አቅራቢያ»ን ከፈለጋችሁ ተዉት።

የዘወትር አንባቢያችሁ
ከኮምቦልቻ