ግልጽ ደብዳቤ ለአማራ ክልል ወጣቶችና ስፖርት ቢሮ፦ ጫማ የሰቀሉ ሴቶችን ወደ ሜዳ መልሱልን

ለአማራ ክልል ወጣቶችና ስፖርት ቢሮ
ባሕር ዳር

ክቡር የቢሮው ኃላፊ፣

ጤና ይስጥልኝ። ጉዳይ እንደሚበዛብዎት ስለማውቅ ልመናዬን ላስቀድም። በክልላችን ኳስ ተጫውተው ጫማ የሰቀሉ ሴቶች አሉ። የአሰልጣኝነት ኮርስ ሲዘጋጅ ለእነሱ ቦታ ይያዝላቸው። ኮርሱም እዚሁ ባሕር ዳር ይሰጥ። በቃ፣ ይኸው ነው። ከዚህ በታች ያለው ለምን እንዲህ እንደምል ነው።

እኔም ተጫውቼ ነው ያለፍኩት። አማካይ ነበርኩ፤ ብሔራዊ ቡድን የሚያደርስ ችሎታ ግን አልነበረኝም። አሁን ቅዳሜ ጠዋት የሰፈር ሴት ልጆችን ኳስ አሠራለሁ። ደመወዝ የለውም። የአሰልጣኝነት ፈቃድ፣ ላይሰንስ የሚሉትም፣ የለኝም። ኮን ስለሌለን ባዶ ሃይላንድ በአሸዋ ሞልተን እንደረድራለን። ፀሐይ ከረር ስትል ወንዶቹ ይመጡና ሜዳውን እንለቃለን። ይህን የምነግርዎት ለአቤቱታ አይደለም፤ ደብዳቤውን ማን እንደጻፈው እንዲያውቁ ብዬ ነው።

አሁን ስለ አንዲት ደቡብ አፍሪካዊት ላውጋዎት። ዓመቶቹን በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።

ዴዚሬ ኤሊስ ትባላለች። በ1963 ኬፕታውን ተወለደች። በአፓርታይድ ምክንያት ፊፋ ደቡብ አፍሪካን በ1976 አባርሮ በ1992 ነው የመለሳት። ስለዚህ ኤሊስ ጉልበቷ ትኩስ በነበረበት ዕድሜ ሁሉ ለአገሯ የምትጫወትበት መድረክ አልነበረም። የሴቶቹ ብሔራዊ ቡድን የመጀመሪያ ጨዋታውን ያደረገው በ1993 ከስዋዚላንድ ጋር ነው። ኤሊስ ያኔ 30 ዓመቷ ነበር። 14 ለ 0 አሸነፉ። ሦስቱን ጎል ያገባችው እሷ ነች። እኛ አገር አንዲት ሴት 30 ዓመት ሲሞላት «አሁንማ በቃሽ፣ ልጆችሽን አሳድጊ» ትባላለች። ኤሊስ በዚያ ዕድሜ ጀመረች። ለዓመታት አምበል ሆና እስከ 2002 ድረስ ተጫወተች።

ከዚያ በኋላ ያለው ነው ለእኔ ትልቁ። ኤሊስ ጫማ ስትሰቅል ከሜዳ አልጠፋችም። አሰልጣኝነት ተማረች። በብሔራዊ ቡድኑ የሆላንዳዊቷ ቬራ ፓው ረዳት ሆነች። ከ2016ቱ የሪዮ ኦሎምፒክ በኋላ ፓው ስትለቅ ቡድኑ ለእሷ ተሰጣት፣ ግን በተጠባባቂነት። ከዓመት በላይ ተጠባባቂ ሆና ሠርታ በ2018 ነው ሹመቱ የጸደቀላት። ተጠባባቂ ተብሎ መንጠልጠል እኛ አገር ብቻ አይደለም ለካ።

በዚያው ዓመት ጋና ላይ በተደረገው የአፍሪካ ዋንጫ ቡድኗ ለፍጻሜ ደረሰ። ከናይጄሪያ ጋር ያለ ጎል ተለያይተው በመለያ ምት ተሸነፉ። ይሁንና ለ2019ኙ የፈረንሳይ ዓለም ዋንጫ አለፉ። ለአገሪቱ ሴቶች የመጀመሪያው ነበር። እዚያ ሦስቱንም ጨዋታ ተሸንፈው ተመለሱ። እዚህ ጋ ቆም ብለው ያስቡልኝ። እኛ ዘንድ ሦስት ጨዋታ በተከታታይ የተሸነፈ አሰልጣኝ ዕጣው ምን እንደሆነ እናውቃለን፤ ሻንጣውን ሳይፈታ ነው የሚሸኘው። ኤሊስን ግን አላሰናበቷትም። በሐምሌ 2022 ራባት ላይ አስተናጋጇን ሞሮኮን በገዛ ደጋፊዋ ፊት 2 ለ 1 አሸንፋ የአፍሪካ ዋንጫን አነሳች። በቀጣዩ ዓመት ዓለም ዋንጫ ላይ ጣሊያንን 3 ለ 2 አሸንፈው 16ቱ ውስጥ ገቡ። የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን፣ ካፍም፣ የዓመቱ ምርጥ የሴቶች ቡድን አሰልጣኝ ብሎ አራት ጊዜ ሸልሟታል።

እሷ ብቻም አይደለችም። ናይጄሪያዊቷ ፍሎረንስ ኦማግቤሚ አራት ዓለም ዋንጫ የተጫወተች አምበል ነበረች። በ2016 በአሰልጣኝነት ተመልሳ ያውንዴ ላይ ካሜሩንን 1 ለ 0 አሸነፈችና የአፍሪካ ዋንጫን ወሰደች። በተጫዋችነት ያነሳችውን ዋንጫ በአሰልጣኝነትም ደገመችው።

«እነሱ እነሱ ናቸው፣ እኛ የት ደርሰን» ሊሉኝ ይችላሉ። እሺ፣ እንግዲህ ይህን ይስሙኝ። በ2004 የሴቶች አፍሪካ ዋንጫ የተደረገው እዚያው ደቡብ አፍሪካ ነበር። አስተናጋጇ ከምድቧ እንኳን ሳታልፍ ቀረች። የእኛ የሴቶች ብሔራዊ ቡድን፣ ሉሲዎቹ፣ ግን ግማሽ ፍጻሜ ገቡ። ለሦስተኛነት ከጋና ጋር ተጫውተው በመለያ ምት ተሸንፈው አራተኛ ወጡ። ያን ጊዜ እኛ ከፊት፣ እነሱ ከኋላ ነበሩ። ከዚያ በኋላ እነሱ አህጉሩን አሸንፈው ዓለም ዋንጫ ሁለት ጊዜ ረገጡ። እኛ ለመጨረሻ ጊዜ ለአፍሪካ ዋንጫ ያለፍነው በ2012 ነው።

ልዩነቱ የአሰልጣኝ ጉዳይ ብቻ ነው አልልም። እነሱ ዘንድ ገንዘብ አለ፣ ስፖንሰር አለ፣ ሊጋቸውም ያግዛቸዋል። ግን አንድ ነገር አጥብቄ እጠይቃለሁ። የ2004ቱ ልጆች የት ገቡ? ያንን ሁሉ ያዩ፣ ያንን ሁሉ የተጫወቱ ሴቶች ዛሬ ስንቶቹ ልጆች ያሠለጥናሉ? በየክልሉ፣ በየከተማው ከእነሱ በታች የተጫወትነውስ?

ችሎታ አልጠፋም። መሠረት ማኒ ድሬዳዋ ከተማን፣ የወንዶቹን ቡድን፣ በፕሪሚየር ሊግ አሠልጥናለች። ሰላም ዘርዓይ ሉሲዎቹን በዋና አሰልጣኝነት መርታለች። ሎዛ አበራ ከዱራሜ ተነስታ ስዊድን ተጫወተች። ማልታ ላይ ለቢርኪርካራ ተሰልፋ የሊጉ ኮከብ ጎል አግቢ ሆነች። በ2024 ደግሞ አሜሪካ ሄዳ ለዲሲ ፓወር ፈረመች። ሎዛ የምትመጣው ታዳጊ ሆና የሚያያት ሰው ሲኖር ነው። ያንን የሚያይ ዓይን ያለው ደግሞ የተጫወተ ሰው ነው።

እዚህ ከተማ፣ ከአስፋልቱ ዳር፣ ጀበና ቡና የምትሸጥ አንዲት ጓደኛዬ አለች። የግራ ተከላካይ ነበረች፣ ያውም ኃይለኛ። አንድ ቀን ከልምምድ በኋላ ልጆቹን ይዤ ቡናዋ ጋ ሄድኩ። ከልጆቹ አንዷ «ኦፍሳይድ ግን እንዴት ነው የምንሠራው?» አለች። እኔ ማብራራት ስጀምር ጓደኛዬ ዝም በይ አለችኝ። አራት ሲኒ ረከቦቱ ላይ በረድፍ ደረደረች፤ ተከላካዮቹ ናቸው። የስኳሩን ማንኪያ አጥቂ አደረገችው። ከዚያ ሦስቱን ሲኒ ወደፊት ገፋ አድርጋ አንዱን ከኋላ ተወችውና «ይቺን አያችኋት? ሁላችሁንም ያስበላችው እሷ ናት» አለች። ልጆቹ በሳቅ ፈረሱ። ከዚያን ቀን ወዲህ መስመሩን ሲስቱ እርስ በርስ «ሲኒ!» ይባባላሉ። ጓደኛዬ ይህንን በየትኛውም ኮርስ አልተማረችም። ግን እንደዚያ የምታስረዳ ሴት ቡና ስትቀዳ መዋሏ ያናድደኛል። ቡና መሸጥ ክብር ነው፣ እሱን አልነካም። ሁለቱንም መሥራት ትችል ነበር።

ሌላም ነገር አለ። ለመጻፍ ትንሽ ያሳፍራል፣ ግን ልጻፈው። አንድ ጊዜ ሌላ ሰፈር የሚሠራ ቡድን ልምምድ እያየሁ ነበር። አንዲት ልጅ ሹራቧን ወገቧ ላይ አስራ ከሜዳው ዳር ተቀምጣለች። አሰልጣኙ «ሰነፍ! ተነሺ!» እያለ ይጮህባታል። ሰውየው ክፉ አይደለም፣ ልጆቹን ይወዳል። ግን ነገሩ አልገባውም። እኔና ከጎኔ የነበረችው እናት ተያየን። ወዲያው ነው የገባን፤ የወር አበባዋ መጥቶባት ነው። ልጅቷ በሚቀጥለው ሳምንት አልመጣችም። በዚህ ዓይነት ነገር ስንት ልጅ እንደምትቀር ማንም መዝግቦ አያውቅም። ወላጅም ቢሆን አሠልጣኟ ሴት ስትሆን ልጁን ሳይፈራ ይልካል። በተለይ ልምምዱ ወደ ማታ ሲሆን።

ታዲያ ለምን አልተማራችሁም ይሉኛል። ልሞክር ብዬ ነበር። ኮርስ እንዳለ ሰምቼ ወደሚመለከተው ቢሮ ሄድኩ። የቱ ቢሮ እንደሆነ አልጠቅስም፣ ለክስ አይደለም የጻፍኩት። «ከክለብ የድጋፍ ደብዳቤ ይዘሽ ነይ» ተባልኩ። ክለብ ቢኖረኝ ኖሮ ደብዳቤ ፍለጋ ምን አንከራተተኝ? ክለብ ውስጥ ያሉት ደግሞ አብዛኞቹ ወንዶች ናቸው። ስለዚህ ደብዳቤው ለወንዶቹ ይጻፋል፣ ኮርሱን ወንዶቹ ይወስዳሉ፣ ላይሰንስ ስላላቸውም ሥራው ለእነሱ ይሰጣል። ማንም ሆን ብሎ አላገለለንም። አሠራሩ ራሱ በሩን ዘግቶታል።

አዲስ አበባ ሄዳችሁ ተማሩ የሚልም አለ። ልጅ ላላት ሴት፣ መንገዱም እንደምናውቀው ሆኖ፣ ይህ ቀልድ ነው።

ባሕር ዳር ግን ምን ይጎድላታል? ስታዲየሙ አለ። በ2019 ዋልያዎቹ አይቮሪኮስትን 2 ለ 1 ሲያሸንፉ ከተማው እንዴት እንደሆነ ያስታውሳሉ። ካፍ በ2021 ካገደው ወዲህ ስለ ወንበሩና ስለ ጣሪያው ብዙ ተብሏል። እሱ የራሱ ወጪ አለው፣ ይገባኛል። ለአሰልጣኝ ኮርስ ግን ጣሪያ አያስፈልግም። ሜዳ፣ ነጭ ሰሌዳና አስተማሪ ይበቃል። ዩኒቨርሲቲያችንም የስፖርት አካዳሚ አለው፤ ክፍልም ሜዳም መምህርም እዚያ ይገኛል።

የምንጠይቀው የካፍን ዲ ላይሰንስ ነው፣ ከሥር ያለውን። ፌዴሬሽኑ አስተማሪ እንዲልክ ቢሯችሁ ይጠይቅልን። ከኮርሱ ቦታ ግማሹ ኳስ ለተጫወቱ ሴቶች ይያዝ። ከክለብ ደብዳቤ ይልቅ መጫወታችንን የሚያውቁ የቀድሞ አሰልጣኞችና የቡድን ጓደኞች ምስክርነት ይበቃ ይባል። ሰዓቱ ጠዋት ቢሆን ይሻላል፤ የሚያጠባ ልጅ ያላትም ልጇን ይዛ እንድትመጣ ይፈቀድላት። ውሎ አበል አንጠይቅም። የኮርሱ ክፍያ ግን ከብዙዎቻችን አቅም በላይ ነው፣ እሱን ከበጀት ብትሸፍኑልን።

ከኮርሱ በኋላ ደግሞ በየክፍለ ከተማው በምታቋቁሟቸው የሴት ታዳጊ ፕሮጀክቶች ላይ የሠለጠኑት ሴቶች እንዲመደቡ ይደረግ። ረዳት ሆነውም ቢሆን ይጀምሩ። ኤሊስም ከረዳትነት ነው የተነሳችው። ተጠባባቂ ብቻ አድርጋችሁ አታቆዩን!

የስም ዝርዝሩን እኛ እናሰባስባለን። ከባሕር ዳር ብቻ ሳይሆን ከጎርጎራም ከደብረ ታቦርም የምናውቃቸው አሉ። በየትኛው ቢሮ፣ በስንት ቁጥር በር፣ እስከ መቼ እንደምናስገባ ብቻ በማስታወቂያ ሰሌዳችሁ ላይ ለጥፉልን።

ከአክብሮት ጋር፣
አንዲት የቀድሞ ተጫዋች
ባሕር ዳር