ለእማዬ፣ ስለ ቡናሽና ስለ ሽሮሽ

ለውድ እናቴ፣

ለጤናሽ እንዴት ሰነበትሽልኝ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነን። ሰሞኑን በስልክ ስናወራ፣ ሐኪሙ ፋይብሮማያልጂያ ላለው ለመላ ሰውነት ሕመምሽ ይሻላል ተብለሽ እንጀራውንም ሽሮውንም ወተቱንም ቲማቲሙንም እንደተውሽ ስትነግሪኝ አሳሰበኝ። የጎረቤት ምክር በደግነት ነው የሚሰጠው፤ ሁሉም አንድ አንድ ምግብ ሲከለክልሽ ግን ገበታው ባዶ ይቀራል። በስልክ ስለሚምታታብን ነው የጻፍኩልሽ።

ፋይብሮማያልጂያ የአጥንት ወይም የመገጣጠሚያ መበላሸት አይደለም። ራጁም የደም ምርመራውም ንጹሕ የሆነው ለዚህ ነው፤ ሕመምሽ ግን እውነት ነው። አንጎልና ሕብለ ሰረሰር ከሰውነት የሚመጣውን ስሜት አጉልተው ስለሚያነቡት ቀላል ንክኪ እንኳ ያማል። ስለዚህ ተትቶ በሽታውን የሚነቅል ምግብ የለም። ምግብ በጓሮ በር ነው የሚገባው፦ በእንቅልፍሽ፣ በአንጀትሽ፣ እንዲሁም በሰውነትሽ ውስጥ ሊጎድል በሚችለው ነገር።

ከሁሉ በፊት የእንቅልፉን ነገር ልንገርሽ፤ ብዙ ለውጥ የሚገኘው ከእሱ ይመስለኛል። እ.ኤ.አ. በ1975 ካናዳ፣ ቶሮንቶ ውስጥ ሞልዶፍስኪ የሚባል ሐኪም ከባልደረቦቹ ጋር ሆኖ ጤነኛ ሰዎች ከባድ እንቅልፍ ውስጥ በገቡ ቁጥር በድምፅ እንዲረበሹ አደረገ። ጥቂት ሌሊት እንዲህ ካደሩ በኋላ ጡንቻቸውን ያማቸው፣ ሲነካም ይጎዳቸው ጀመር። ምንም ሕመም ያልነበረባቸው ሰዎች ናቸው እንግዲህ።

ጅማ ቁጭ ብለሽ ቡና ተዪ አልልሽም፤ ብልሽስ መች ትሰሚኛለሽ! ሰዓቱን ግን ለውጪልኝ። ቡና ውስጥ ያለው አነቃቂ ነገር፣ ካፌይን፣ ግማሹ ከደም እስኪወጣ፣ እንደየሰዉ ቢለያይም፣ ወደ 5 ሰዓት ይፈጅበታል። ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ የጠጣሽው ማታ 3 ሰዓት ላይ ግማሹ ገና ደምሽ ውስጥ አለ። «እኔን ቡና እንቅልፍ አይነሳኝም» እንደምትዪኝ አውቃለሁ። ከመተኛት ባያግድሽም እንቅልፉን ጥልቀት ያሳጣዋል፤ ጠዋት ሳትተኚ ያደርሽ ያህል ተሰባብረሽ የምትነሺው አንዱ ምክንያት እሱ ሊሆን ይችላል።

ስለዚህ የጠዋቱን ቡና እንዳለ ተዪው። ከሰዓት በኋላ ጎረቤት ሲጠራሽ ሂጂ፣ ጨዋታው አይቅርብሽ፤ ነገር ግን በመጀመሪያው ሳምንት አቦሉን እለፊና ከቶና ጀምሪ። በሁለተኛው ሳምንት በረካ ብቻ። በዚያው አተላ ላይ ውኃ እየተጨመረ ስለሚፈላ ካፌይኑ እየቀለለ ይሄዳል። ከሦስተኛው ሳምንት ጀምሮ ከቀኑ 6 ሰዓት በኋላ ምንም ቡና አይኑር። በአንድ ጊዜ ካቆምሽው ግን በማግሥቱ ራስሽን ይፈልጥሻል፣ ሰውነትሽም ይዝላል፤ ሳምንት ያህል ሊቆይም ስለሚችል በሽታው የተነሣ ይመስልሽና ወደ ቡናው ትመለሻለሽ። በምትኩ ሻይ ወይም የቡና ቅጠል አትጠጪ፣ እነሱም ካፌይን አላቸው። ዝንጅብል ወይም ጦስኝ አፍዪ።

አንድ ነገር ልጨምር። ምሳ እንደበላሽ ወዲያው የሚጠጣ ቡና ከጤፉና ከጎመኑ የምታገኚውን ብረት በደንብ እንዳይገባ ያደርገዋል። ቢያንስ አንድ ሰዓት አቆዪው። ብረት ሲያንስ ማታ እግር እረፍት ያጣል፣ እሱም እንቅልፍሽን ይቆርጠዋል።

ወደ ሽሮው እንሂድ። ፋይብሮማያልጂያ ያለበት ብዙ ሰው አንጀቱም ይቆጣል፦ ሆድ መንፋት፣ ቁርጠት፣ አንዴ ድርቀት አንዴ ተቅማጥ። ይህ ከሌለብሽ ሽሮሽን ብዪ፣ ይህን ክፍልም እለፊው። ካለብሽ ግን ጥፋቱ ብዙ ጊዜ የነጭና የቀይ ሽንኩርት፣ የባቄላ፣ የአተር፣ የምስርና የስንዴ ነው። ውስጣቸው ያለው የስኳር ዓይነት ትንሹ አንጀት ላይ ሳይፈጭ ያልፍና ታች ባክቴሪያ ሲያፈላው ጋዝ ይሆናል። ለ4 ሳምንት አውጥተሽ ማየት ትችያለሽ፤ በጾም ወቅት ግን አትጀምሪው። ሽሮና ምስር ከወጡ በጾም የሚጠግንሽ ነገር አይቀርም። በፍስክ ጊዜ እንቁላል፣ ዓሣና ሥጋ አለልሽ።

ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ ሽንኩርት ሳያቁላላ በሚጥን ሽሮ ይሠራና «ትቼው ነበር፣ አልረዳኝም» ይላል። የሽሮው ዱቄትም የድልሁ በርበሬም ሲፈጭ ነጭ ሽንኩርት ገብቶበታል! በእነዚያ ሳምንታት ወጡን በተፈጨ ካሮትና ቲማቲም አወፍሪው፤ ለመዓዛው ዝንጅብል፣ እርድ፣ ኮረሪማና የሽንኩርት አረንጓዴ ቅጠሉን ተጠቀሚ። የነጭ ሽንኩርት ጣዕም ካማረሽ ሁለት ፍንካች ዘይት ውስጥ አሙቂና አውጥተሽ ጣይው፤ ያ ስኳር የሚሟሟው በውኃ እንጂ በዘይት አይደለም። ዘይቱን ግን በዚያው ቀን ጨርሺው፣ ነጭ ሽንኩርት የነካው ዘይት ውጪ ካደረ አደገኛ መርዝ ሊያበቅል ይችላል። የገበያው አቮካዶና ማንጎም ርካሽ ነው ብለሽ በእነዚህ ሳምንታት ጭማቂ አታብዢ፤ እነሱም ይነፋሉ።

ከ4 ሳምንት በኋላ ለውጥ ከሌለ ሁሉንም መልሺ፣ ሌላ ጥቅም የለውም። ካለ አንድ አንድ እያልሽ መልሺ፦ ለምሳሌ ሽንኩርት፣ መጀመሪያ ቀን አንድ ማንኪያ፣ ሁለተኛው ሁለት፣ ሦስተኛው ሦስት፤ ከዚያ ሁለት ቀን አርፈሽ ሌላውን። ምስር ስትመልሺ ሌሊቱን ዘፍዝፊውና ውኃውን ድፊው፣ ጋዙን ይቀንሰዋል።

ግሉተን (ስንዴና ገብስ ውስጥ ያለውን ፕሮቲን) ተዪ ላሉሽ ሰዎች፣ ጤፍ ግሉተን የለውም። የሚገዛው እንጀራ ግን ገብስ ወይም ስንዴ ሊቀላቀልበት ስለሚችል ሻጯን ጠይቂ። ሐኪም የግሉተን በሽታ ምርመራ ካዘዘልሽ እስክትመረመሪ ስንዴውን እየበላሽ ቆዪ፤ አስቀድመሽ ካቆምሽ ምርመራው በሽታውን ሊስተው ይችላል።

የሚጎድለውን ደግሞ በግምት አንሙላው፣ ይለካ። በሚቀጥለው ቀጠሮ ሐኪሙን ቫይታሚን ዲ፣ ቢ12፣ የብረት ክምችትና የታይሮይድ (የአንገት ዕጢ) ሆርሞን ይታዩልኝ በዪው። የአራቱም ማነስ ድካምና የሰውነት ሕመም ያመጣል፣ ከፋይብሮማያልጂያ ጋርም ይመሳሰላል። ቢ12 ከእንስሳት ምግብ ብቻ ስለሚገኝ እንዳንቺ አጥብቆ የሚጾም ሰው ሊጎድልበት ይችላል፤ ለጨጓራሽ የምትወስጂው ኦሜፕራዞልም መግባቱን ይቀንሰዋል። የእግርሽ መደንዘዝም ከቢ12 ማነስ ሊመጣ ስለሚችል ሳትደብቂ ለሐኪሙ ንገሪው። ቫይታሚን ዲን በራስሽ ገዝተሽ በብዛት አትውሰጂ፣ ካልሲየም ከልክ በላይ ያደርጋል። ክረምቱን ሙሉ ቤት ውስጥ ነጠላ ለብሰሽ ስለምትውዪ ፀሐይ ስትወጣ ክንድሽን ገልጠሽ በረንዳው ላይ ተቀመጪ።

ማታ የምትወስጃት መድኃኒት፣ አሚትሪፕቲሊን፣ ሆድ ታደርቃለች፤ ተልባና ፓፓያ አይለዩሽ፣ ውኃም ጨምሪ። የእግር ጉዞሽንም በምግብ አትተኪው፣ ከምግቡ ይልቅ በደንብ የተረጋገጠው እሱ ነው።

አንድ ደብተር ያዢ። ጠዋት ጠዋት ሕመሙን ከ0 እስከ 10፣ እንቅልፉንና ሆድሽን ጻፊ፣ ከጎኑ የለወጥሽውን አንድ ነገር ብቻ። ሕመሙ በራሱ ስለሚወጣና ስለሚወርድ ማክሰኞ የበላሽውን ምግብ ለረቡዕ ሕመም አትክሰሺው፤ ቢያንስ ሁለት ሳምንት ተመልከቺ። መገጣጠሚያሽ ካበጠ፣ ትኩሳት ካለሽ ወይም ሳታስቢው ከከሳሽ ግን ደብተሩን አትጠብቂ፣ ቶሎ ታዪ።

እስከዚያው እንጀራሽን ብዪ።

ልጅሽ