ለጎንደሯ እህቴ፦ ስለ አንዲት ሸክላ

ስቶክሆልም፣ ኅዳር

ውድ እህቴ፣

እንደምን ከረምሽ? ልጆቹስ ደኅና ናቸው? ሦስት ዓመት ሙሉ ድምፄን አጥፍቼ ዛሬ እንዲህ ብዬ መጀመር ከብዶኛል። የእማማን ማረፍ የሰማሁት ከአርባቸው በኋላ ነበር። ለቅሶ ያልደረሰ ሰው በምን አፉ ይደውላል እያልኩ፣ ዛሬ ነገ ስል ጊዜው ከእጄ ወጣ። እግዚአብሔር ያጽናሽ፤ ነፍሳቸውን ይማርልን። ይቅርታ አድርጊልኝ፤ ሌላ የምለው የለኝም።

እንድጽፍልሽ ያስነሳችኝ አንዲት ሸክላ ናት። ከእኔ በላይ ባለው ፎቅ ይኖሩ የነበሩ ስዊድናዊት አዛውንት ባለፈው ጸደይ አረፉ። እኔ ቤት ቡና መጠጣት ይወዱ ነበር። ልጃቸው ቤቱን ስታስለቅቅ በጋዜጣ የተጠቀለለ ነገር ይዛ መጣችና «ይህ ለአንቺ ይሁን» አለችኝ። ስፈታው የተቀመጠች ሴት ምስል ናት፤ ቁመቷ አንድ ስንዝር አይሞላም፤ ጭኗ ላይ ወፍ ይዛለች። ቀሚሷ የሚያብረቀርቅ ሰማያዊ ቅብ ተቀብቷል፤ ፊቷና እጆቿ ግን ሳይቀቡ የቀሩ ቀይ አፈር ናቸው። ዓይኖቿ በስል ነገር የተጫሩ ሁለት አጫጭር መስመሮች ብቻ ናቸው። ሳያት የእማማ ቁም ሣጥን ላይ የነበረችው፣ ጎንደር አጠገብ ያለችው የወለቃ መንደር ሸክላ ምስል ፊቴ ላይ ድቅን አለች፤ አንቺም ወዲያው ትዝ አልሽኝ።

ግርጌዋን ገለብጬ አየሁ። ምንም አልተጻፈበትም።

እዚህ አገር ይህ እንግዳ ነገር ነው። የሸክላና የፖርሴሊን ፋብሪካዎቹ ምልክታቸውን ግርጌ ላይ ያኖራሉ፤ የጉስታቭስበርግ መልሕቅ ነው፣ የሮርስትራንድ ሦስት ዘውድ፣ የዴንማርኩ ሮያል ኮፐንሃገን ደግሞ ሦስት የውኃ ሞገድ። አንድ የአሮጌ ዕቃ ነጋዴ ገና ከሩቅ ሲያያት «የሊሳ ላርሰን ናት» አለኝ። እዚህ ቆንጆ የሸክላ ምስል በተገኘ ቁጥር የሚጠራው የዚህች ስዊድናዊት የሸክላ ባለሙያ ስም ነው። ስቲግ ሊንድበርግ የተባለው ታዋቂ ንድፍ አውጪ ወደ ጉስታቭስበርግ ፋብሪካ ያመጣት እ.ኤ.አ. በ1954 ነው፤ እስከ 1980 እዚያው ሠርታለች፤ ያረፈችው በ2024፣ በ92 ዓመቷ ነው። ወፍራም አንገት ያለው አንበሳዋን እዚህ የማያውቅ ሰው የለም።

እውነቱን ልንገርሽ፣ የእርሷ እንድትሆንልኝ በጣም ተመኝቼ ነበር። ምኞቴን የሚደግፍ ነገርም ነበረ፤ አንዳንድ የላርሰን ሥራዎች በወረቀት ምልክት ብቻ ይሸጡ ስለነበር፣ ወረቀቱ ከተላጠ ስማቸውም አብሮ ይሄዳል። የእኔዋም ግርጌ ላይ ከሌላው ቦታ ፈካ ያለ ሞላላ ምልክት አለ፤ በጥፍሬ ስነካው የደረቀ ሙጫ ተሰማኝ። አንድ ቀን ስም ነበራት ማለት ነው።

ከዚያ በኋላ እንቅልፍ አጣሁ ብልሽ አላጋነንኩም። አንድ ቅዳሜ አውቶቡስ ተሳፍሬ ጉስታቭስበርግ ድረስ ሄድኩ፤ ከስቶክሆልም በስተምሥራቅ፣ ቬርምዶ ደሴት ላይ ነው። ሙዚየሙ ውስጥ መስታወቱ ላይ ተለጥፌ የአንበሶቹን አካል ተመለከትኩ። ያልተቀባው ቦታቸው እንደ አሸዋ ሻካራ ነው። ምክንያቱ ሻሞት የሚሉት ነገር ነው፤ የተቃጠለ ሸክላ ተፈጭቶ ከጭቃው ጋር ይለወሳል። የእኛ ሸክላ ሠሪዎች ገል ወቅጠው የሚቀላቅሉት ለተመሳሳይ ጥቅም አይደል? ጭቃው ሲደርቅ እንዳይሰነጠቅ ያግዛል። የእኔዋ ሴት ፊት ግን እንደ እንቁላል ልሙጥ ነው።

የሥራ ባልደረባዬ ከእናቷ የወረሰችው የላርሰን አንበሳ አላት። ለምኛት አመጣችልኝ። ሁለቱንም ገልብጬ ያልተቀባው ግርጌያቸው ላይ አንድ አንድ ጠብታ ውኃ አኖርኩ። አንበሳው ላይ ጠብታው ድቡልቡል ሆኖ ተቀመጠ። የሴቲቱ ግርጌ ግን አሥር ሳልቆጥር ጠጣው። ከ1200 ዲግሪ በላይ የተቃጠለ ሸክላ ቀዳዳዎቹ ተደፍነው እንደ ድንጋይ ይሆናል፤ ከዚያ ባነሰ እሳት የተቃጠለ ግን ብዙውን ጊዜ ውኃ ይመጥጣል።

ከዚያ ምን እንዳደረግኩ ታውቂያለሽ? እማማ ቅዳሜ ገበያ ይዘውን ሲሄዱ፣ እያንዳንዱን ጀበና በጣታቸው መገጣጠሚያ ኳ እያደረጉ ጆሯቸውን ጠጋ ያደርጉ አልነበር? «ይህቺ ታማለች» ብለው ይመልሱት ነበር። እኔም እንደ እርሳቸው መታሁ። አንበሳው እንደ ቃጭል ጠራ። ሴቲቱ የደፈነ፣ አጭር ድምፅ ሰጠች። አልታመመችም፤ አፈሯ ሌላ ነው። በዚያች ቅጽበት የላርሰንን ነገር ተውኩት።

ኡፕሳላ ኤከቢ የሚባል ሌላ ፋብሪካ ነበረ፤ በ1886 የተቋቋመ፣ በመጀመሪያ የቤት ማሞቂያ ምድጃ የሚለበጥበትን ሸክላ የሚሠራ ነበር። ማሪ ሲሙልሰን የተባለች ባለሙያ ከ1949 እስከ 1972 እዚያ ስትሠራ ብዙ የሴት ምስሎችን ቀርጻለች፤ የእኔዋን ዓይነት ፊት ከእርሷ ሥራዎች ጋር ሳነጻጽር ልቤ ደንግጧል። ነገር ግን ኡፕሳላ ኤከቢ ምልክቱንና የሞዴል ቁጥሩን ጭቃው ሳይደርቅ ያትምበት ነበር። ወረቀት ይላጣል፤ ጭቃ ላይ የታተመ ቁጥር የት ይሄዳል?

ሁሉን የለወጠብኝ ግን ግርጌዋ ላይ ያለችው ቀዳዳ ናት። ውስጡ ባዶ የሆነ ምስል መተንፈሻ ከሌለው እሳት ውስጥ ሊፈነዳ ስለሚችል ቀዳዳ ይተውለታል። በስልኬ መብራት ወደ ውስጥ አየሁ። በፋብሪካ ቀጭን ጭቃ ጄሶ ፎርማ ውስጥ ሲፈስስ፣ ጄሶው ውኃውን ይመጥጥና ትርፉ ይደፋል፤ የሚቀረው ግድግዳ ከውስጥም ልሙጥና እኩል ነው። የእርሷ ውስጥ ግን ወጣ ገባ ነው፤ የጣት አሻራ በአሻራ ላይ። አንድ ሰው ጭቃውን በጣቱ እየጫነ ፎርማው ላይ አስይዞ፣ ሁለቱን ግማሾች በጭቃ አጣብቋቸዋል። ትንሿን ጣቴን አስገባሁ፤ ጠርዙ አጠገብ ያለው ጎድጓዳ ልክ ሆነልኝ።

ስለዚህ የደረስኩበት ይህ ነው፤ ትልቅ ፋብሪካ አልሠራትም። በ1950ዎቹና በ60ዎቹ፣ የሰሜን አውሮፓ ሸክላ ዝነኛ በነበረበት ዘመን፣ ጥቂት ሰው የሚሠራበት፣ በቀይ አፈር የሚጠቀም፣ ምልክቱን በወረቀት የሚለጥፍ ትንሽ የሸክላ ቤት ሠርቷታል። ነጋዴው ይህን ስነግረው ዋጋዋ ወደቀ አለኝ። እኔ ግን ከዚያ ቀን ወዲህ ይበልጥ ነው የምወዳት።

የወለቃዋንም ከዚያ ወዲህ ደጋግሜ አስባታለሁ። የሠራቻት የቤተ እስራኤል ሴት ማን እንደነበረች እማማን ጠይቀናቸው አናውቅም። ብዙዎቹ ሠሪዎች እ.ኤ.አ. በ1984 እና በ1991 ወደ እስራኤል ሄዱ፤ እጃቸው ያረፈበት ጭቃ ግን ቁም ሣጥናችን ላይ ቀረ።

እስካሁን ካለች አውርጂና ገልብጪያት። ቀዳዳ አላት ወይስ ድፍን ናት? የጣት አሻራ ይታያል? ኳ አድርገሽም ስሚልኝ። ለጥምቀት እመጣለሁ፤ ከሁሉ አስቀድሜ እማማ መቃብር እንሄዳለን። ባለ ወፏንም በሻንጣዬ ጠቅልዬ አመጣታለሁ፤ ጆሮሽ እንደ እማማ ጆሮ ነውና አንቺም ስሚያት።

ሁልጊዜ የምትናፍቅሽ
እህትሽ